ስለ ኳስ ውድድር በእንግሊዝኛ መነጋገርን ስለ ማስተማር

በራዲዮ የተሰጠ ንግግር



ዛሬ ልናገርበት የመረጥሁት ጉዳይ፣ እንግሊዝኛ ለሚማሩ ጎልማሶች ስለ ዓለም አቀፍ የእግር ኳስ ውድድር መነጋገሪያ የሚሆኑትን ቃላት በምን ዓይነት መንገድ ማስተማር እንደሚገባ ነው። ጉዳዩ በመጀመሪያ ሲሰሙት የጨዋታ ነገር ብቻ ይመስላል። ይሁን እንጂ ጥቂት ቢያስቡበት ከሥራችን ጋር የተያያዘ ሆኖ ይገኛል።

አዲስ አበባ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን መቀመጫ ናት። በ1963 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ተመሠረተባት፤ ከ2002 ዓ.ም. ወዲህም በእርሱ ፈንታ የተተካው የአፍሪካ ኅብረት ይሰበሰብባታል። ስለዚህ የመንግሥት ሠራተኛ ከልዩ ልዩ አገር ሰዎች ጋር መገናኘቱ የማይቀር ነው። ስብሰባው አልቆ ሻይ በቀረበ ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሣው ወሬ ብዙውን ጊዜ የኳስ ወሬ መሆኑን እናንተም ታውቁታላችሁ። ያን ጊዜ ስለ በጀትና ስለ ውል በእንግሊዝኛ ሲጽፍ የዋለው ሠራተኛ፣ ስለ ትናንቱ ጨዋታ አንድ ዐረፍተ ነገር ማውጣት አቅቶት ፈገግ ብሎ ዝም ይላል። ዝምታውም በእንግዳው ዘንድ እንደ ኩራት ወይም እንደ ዕውቀት ማነስ ይቆጠርበታል። የጎደለው ግን ዕውቀት አይደለም፤ ጨዋታውንስ ከእንግዳው ይልቅ አሳምሮ ተመልክቶት ይሆናል። የጎደለው አፉን የሚያላቅቅለት ጥቂት ቃል ነው።

የኳስ ነገር ለቋንቋ መምህር የሚመችበትም ምክንያት ይኸው ነው። የማያውቁትን ነገር በማያውቁት ቋንቋ መማር ሁለት ሸክም ነው። ኳስ የሚወድ ተማሪ ግን ነገሩን አስቀድሞ ያውቀዋል። ግብ ጠባቂ ምን እንደሚሠራ፣ የማዕዘን ምት ከየት እንደሚመታ፣ ፍጹም ቅጣት ምት ለምን እንደሚሰጥ የሚነግረው ሰው አያሻውም። ስለዚህ መምህሩ ጊዜውን ሁሉ ለቋንቋው ሊያውለው ይችላል።

ችግሩ ከአሠራሩ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ የሚታየው ልማድ ሰሌዳውን ከመካከል በመስመር ከፍሎ፣ በግራ በኩል አርባ የእንግሊዝኛ ቃል፣ በቀኝ በኩል አርባ የአማርኛ ትርጉም መጻፍ ነው። ተማሪው ይገለብጣል፤ ያጠናል፤ በፈተናም ጊዜ አርባውን ቃል ሳያሳስት ይመልሳል። ነገር ግን ትናንት ማን አሸነፈ ብለው በእንግሊዝኛ ቢጠይቁት መልሱ ይጠፋዋል። ምክንያቱም ቃል ብቻውን የሚሄድ ነገር አይደለም። ከፊቱም ከኋላውም የሚያጅቡት ቃላት አሉት። አጃቢዎቹን ሳያውቁ ቃሉን ብቻ መያዝ፣ መዝጊያውን ትቶ ቁልፉን ብቻ ተሸክሞ እንደ መዞር ይቆጠራል። ስለዚህ ዛሬ ላሳስባችሁ የምፈልገው ዋና ነገር ይህ ነው፤ የኳስን ቃላት ስናስተምር ቃሉን ከነግሡ፣ ግሡንም ከነመስተዋድዱ በአንድነት እናስተምር፤ ይልቁንም የአማርኛው አንድ ቃል በእንግሊዝኛ ሁለት በሚሆንበት ቦታ ላይ ቆም እንበል።

ምሳሌ ልስጥ። በአማርኛ «ጨዋታውን አሸነፈ» እንላለን፤ «ግብጽን አሸነፈ» እንላለን፤ «ዋንጫውን አሸነፈ» ብንልም ያስኬዳል። ለሁሉም አንድ ግሥ ይበቃናል። እንግሊዝኛ ግን ይህን ለሁለት ይከፍለዋል። ጨዋታውንና ዋንጫውን ማሸነፍ «ዊን» ሲባል፣ ተጋጣሚን ማሸነፍ «ቢት» ይባላል። የእኛ ተማሪ ግን በአማርኛው ልማድ እየተመራ «ኢትዮጵያ ወን ኢጂፕት» ይላል። ይህን የሰማ እንግሊዛዊ ኢትዮጵያ በዕጣ ግብጽ የተባለችውን አገር የደረሰቻት ሊመስለው ይችላል። ደንቡ አጭር ነው፤ ነገር ሲሆን «ዊን»፣ ቡድን ወይም ሰው ሲሆን «ቢት»። ደግሞም «ዊን» ለኀላፊ ጊዜ «ወን» ሆኖ ሲለወጥ፣ «ቢት» እንዳለ ይቀራል።

መሸነፍም እንደዚሁ ነው። «በግብጽ ተሸነፈች» ለማለት ተማሪው ብዙ ጊዜ «ሎስት ኢጂፕት» ይላል። «ሉዝ» ማለት ግን አንድ ነገር ጠፋብኝ ማለትም ስለ ሆነ፣ አነጋገሩ ግብጽ እንደ ጃንጥላ ተረስታ የቀረች ያስመስላታል። ትክክለኛው «ሎስት ቱ ኢጂፕት» ነው። ያች ትንሽ «ቱ» ከተጣለች ትርጉሙ ሁሉ ይበላሻል። መምህሩም «ሉዝ» የሚለውን ቃል በሰሌዳ ላይ ሲጽፍ «ቱ»ን ከጎኑ ሳያስከትል መጻፍ አይገባውም።

ሦስተኛው «ጎል አገባ» የሚለው ነው። ተማሪው መግባትን «ኢንተር» ብሎ ስለ ተማረ ጎልን በዚሁ ግሥ ሊናገረው ይሞክራል። እንግሊዝኛው «ስኮር» ነው። አራተኛው «ወደሚቀጥለው ዙር አለፈ» የሚለው ሲሆን፣ ተማሪው «ፓስ» ይላል። «ፓስ» ግን በሜዳ ላይ ኳስን ለጓደኛ ማቀበል ነው። ቡድን ሲያልፍ «ጎ ስሩ» ወይም «ኳሊፋይ» ይባላል። አምስተኛው «ከ» እና «ጋር» የሚሉት ናቸው። እኛ ከወዳጃችንም ጋር እንጫወታለን፤ ከተጋጣሚያችንም ጋር እንጫወታለን። እንግሊዝኛ ግን ተጋጣሚ ሲሆን «አጌንስት» ማለትን ይወዳል። «ዊዝ» ያልን እንደ ሆነ ተጋጣሚያችንን ወደ ራሳችን ቡድን ልናስገባው ነው።

እነዚህ አምስቱ ብቻ በሚገባ ቢጠኑ፣ ከአርባ ቃል ዝርዝር ይልቅ ተማሪውን ያናግሩታል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ቃላቱን በምን ቅደም ተከተል እናስተምር የሚል ነው። በፊደል ተራ ማስተማር የማይረባ ነገር ነው። ውድድሩ ራሱ መንገድ አለውና በዚያው መንገድ መሄድ ይሻላል። መጀመሪያ ማጣሪያ አለ፤ ቀጥሎ ዕጣ ይወጣል፤ ከዚያ የምድብ ጨዋታ፣ ከዚያ ጥሎ ማለፍ፣ ከዚያ ሩብ ፍጻሜ፣ ግማሽ ፍጻሜና ፍጻሜ ይከተላሉ። በእያንዳንዱ ምዕራፍ ስድስት ወይም ሰባት ቃል ቢሰጥ ተማሪው ሳይሰለች የውድድሩን ዳርቻ ያያል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው ነው።

በማጣሪያው ምዕራፍ የአገራችን ቡድን በጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከሱዳን ጋር ያደረገው ግጥሚያ ማለፊያ ትምህርት ይሆናል። ቡድናችን በመጀመሪያው ግጥሚያ በሱዳን ሜዳ 5 ለ3 ተሸንፎ ነበር። በመልሱ ግጥሚያ 2 ለባዶ አሸነፈ። ሁለቱ ሲደመሩ 5 ለ5 ስለ ሆኑ፣ በዚያ ውድድር ደንብ መሠረት በሰው ሜዳ የተገቡት 3 ጎሎች ብልጫ ሰጥተውት ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አለፈ። ይህን በእንግሊዝኛ ለመናገር የሚያስፈልጉት ቃላት ሦስት ናቸው። ከሁለቱ ግጥሚያዎች እያንዳንዱ «ሌግ» ይባላል፤ እግር ማለት ነው። ውድድሩ በሁለት እግሩ የሚቆም መሆኑን ያስተዋለ ተማሪ ይህን ቃል አይረሳውም። የሁለቱ ድምር «አግሪገት» ነው። በሰው ሜዳ የገባው ደግሞ «አወይ ጎል» ነው። ሦስቱን ቃላት በትርጉም ብቻ ቢሰጧቸው ደረቅ ናቸው፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ ሲገቡ ግን ሁሉም ሰው ሊናገራቸው ይጓጓል።

በዕጣው ምዕራፍ ላይ «ድሮው» የሚል ቃል ይገኛል። ይህ ቃል ሁለት ፊት ስላለው ጥንቃቄ ያሻዋል። አንደኛው ዕጣ ማውጣት ነው። የቃሉ ሥር መሳብ ማለት ስለ ሆነ፣ ዕጣው ከማሰሮው ተስቦ ሲወጣ በዓይነ ኅሊና ማየት ይቻላል። ሁለተኛው አቻ መውጣት ነው። እንግዲህ «ዘ ድሮው» ተብሎ ውድድሩ ገና ሳይጀመር የተነገረ እንደ ሆነ ዕጣው ነው፤ ከጨዋታ በኋላ «ኤ ድሮው» የተባለ እንደ ሆነ አቻው ነው። ግሡም ለኀላፊ ጊዜ «ድሩ» ይሆናል።

በጥሎ ማለፍ ምዕራፍ ደግሞ ሁለቱን ቋንቋዎች ማነጻጸር ደስ ያሰኛል። እኛ «ጥሎ ማለፍ» ስንል ዓይናችንን ያሳረፍነው ጥሎ ባለፈው ላይ ነው። እንግሊዝኛው «ኖክ አውት» ሲል ተመትቶ የወጣውን ይመለከታል። ጨዋታው አንድ ነው፤ የቆምንበት ሥፍራ ግን ለየብቻ ነው። ስለዚህ ተማሪው በእንግሊዝኛ ሲናገር የወደቀውን ወገን አስቀድሞ «ዎዝ ኖክድ አውት» ማለትን ይልመድ። «ሩብ ፍጻሜ»ና «ግማሽ ፍጻሜ» ግን ምንም አያስቸግሩም፤ እንግሊዝኛውም ሩብና ግማሽ ብሎ ነው የጠራቸው። ዋንጫም እንደዚሁ ነው። የእኛ ዋንጫ መጠጫ ነበር፤ የእነርሱም «ካፕ» መጠጫ ነው።

ከነዚህ ይልቅ የሚያሳስተው አንዲት ፊደል ናት። «ፋይናል» ማለት የመጨረሻው አንድ ጨዋታ ነው። «ፋይናልስ» ማለት ግን ከማጣሪያው በኋላ በአስተናጋጁ አገር የሚደረገው ውድድር በሙሉ ነው። አንድ ሠራተኛ ኢትዮጵያ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2013 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ «ፋይናልስ» ደረሰች ቢል እውነት ተናገረ። «ፋይናል» ደረሰች ቢል ግን ያልሆነውን ተናገረ። በዚያ ውድድር ቡድናችን ከምድቡ አላለፈም። ይሁን እንጂ ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. የዋንጫው ባለቤት ከነበረችው ከዛምቢያ ጋር፣ ግብ ጠባቂው በቀይ ካርድ ወጥቶበት ሳለ፣ 1 ለ1 ተለያየ። እንግሊዝኛ ለእንዲህ ያለው ነገር መልካም አነጋገር አለው፤ «ሄልድ ዛምቢያ ቱ ኤ ድሮው» ይላል። ኀይለኛውን ይዘው አላስኬድ አሉት ለማለት ነው። ተማሪው ይህን አነጋገር ካወቀ፣ አቻ መውጣትም የሚያስመሰግንበት ጊዜ እንዳለ ለእንግዳው ሊያስረዳ ይችላል።

በጊዜ አቆጣጠር በኩልም እኛን ለይቶ የሚያስቸግረን ነገር አለ። «ተጨማሪ ሰዓት» የምንለውን ተማሪው «ኤክስትራ አወር» ብሎ ይተረጉመዋል። እንግሊዛዊው ግን አንድ ሙሉ ሰዓት የተጨመረ ይመስለዋል። ትክክለኛው «ኤክስትራ ታይም» ሲሆን፣ እርሱም 15፣ 15 ደቂቃ ሆኖ 30 ደቂቃ ነው። በየአጋማሹ መጨረሻ ስለ ባከነው ጊዜ የሚጨመሩት ጥቂት ደቂቃዎች ደግሞ «ኢንጁሪ ታይም» ወይም «አዲድ ታይም» ይባላሉ። ሁለቱን ማደበላለቅ አይገባም። እንዲሁም ጨዋታው በዐሥር ሰዓት ይጀመራል ስንል ለውጭ አገሩ ሰው አራት ሰዓት ማለት መሆኑን ማስታወስ ይገባል። ይህን የዘነጋ ሠራተኛ እንግዳውን ስታዲየም ጋብዞ በባዶ ሜዳ ሊያስቆመው ነው።

ከሰዓቱም ይልቅ ዓመቱ ያሳስታል። ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ ያሸነፈችው በ1954 ዓ.ም. ነው። ይህን ቁጥር እንዳለ በእንግሊዝኛ ቢናገሩት እንግዳው በዚያ ዓመት የአፍሪካ ዋንጫ የሚባል ነገር አልነበረም ብሎ ይከራከራል፤ በእርሱም አቆጣጠር እውነት አለው። የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ በካርቱም የተደረገው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1957 ዓ.ም. ነውና። ስለዚህ መምህሩ ስምንት ወይም ሰባት ዓመት መጨመርን የቃላቱ ትምህርት አንድ ክፍል ሊያደርገው ይገባል።

ያ የመጀመሪያው ውድድርም ራሱ የሚነገር ታሪክ ነው። ለውድድሩ የታሰቡት አራት አገሮች ግብጽ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር በአንድነት የሚጫወቱበት ቡድን ለማቅረብ ስላልፈቀደች ከውድድሩ ወጣች። ከእርስዋ ጋር ትጋጠም የነበረችው ኢትዮጵያም ሳትጫወት ለፍጻሜ አለፈች፤ እንዲህ ያለውን ማለፍ እንግሊዝኛ «ባይ» ይለዋል። በፍጻሜውም በግብጽ 4 ለባዶ ተሸነፈች። ባዶውን በእንግሊዝኛ ስንጠራው «ዜሮ» አንለውም፤ በኳስ «ኒል» ነው። ሁለተኛ የወጣውም «ሰከንድ» ከሚባል ይልቅ «ረነር አፕ» ይባላል።

አምስት ዓመት ቆይቶ፣ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ሁለቱ አገሮች በአዲስ አበባ ስታዲየም እንደ ገና ለፍጻሜ ተገናኙ። ግብጽ ያን ጊዜ የተባበረች የዐረብ ሪፑብሊክ ትባል ነበር። እስቲ ይህን ጨዋታ በቃላት ትምህርት ዓይን እንየው። ግብጽ አስቀድማ አገባች፤ እዚህ ላይ «ቱክ ዘ ሊድ» የሚለውን እናገኛለን፤ መሪነቱን ያዘች ማለት ነው። ግርማ ተክሌ አገባ፤ እዚህ ላይ «ኢኳላይዝ» የሚለውን እናገኛለን፤ አቻ አደረገ ማለት ነው። ግብጽ ወዲያው መሪነቱን መልሳ ወሰደች። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ዳግመኛ አቻ አደረገ። መደበኛው ጊዜ 2 ለ2 አለቀ። በተጨማሪው ጊዜ የሉቺያኖ ወንድም ኢታሎ አንድ፣ መንግሥቱ ወርቁም አንድ አገቡ፤ ኢትዮጵያም 4 ለ2 አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች። በዚህ አንድ ታሪክ ውስጥ መምራት፣ አቻ ማድረግ፣ ተጨማሪ ጊዜ፣ አምበል፣ ማሸነፍና መሸነፍ ሁሉም አሉበት። ከዚህ የተሻለ የንባብ ትምህርት ከየትም አይመጣም።

ደግሞም ይህ ታሪክ የራሳችን ነው። የአፍሪካን ዋንጫ ካቋቋሙት አገሮች አንዷ መሆናችንን፣ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1972 እስከ 1987 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት እንደ ነበሩ፣ የውጭ አገር ሰው ከእኛው አፍ ሊሰማው ይገባል። እኛ ዝም ካልን ሌላው በመሰለው መንገድ ይነግረዋል።

የቃላቱን የትውልድ ታሪክ ማወቅም ለማስታወስ ይረዳል። ለምሳሌ ዳኛ «ረፈሪ» ይባላል። በጥንቱ የእንግሊዝ ጨዋታ እያንዳንዱ ቡድን የየራሱን ሸምጋይ ያቀርብ ነበር። ሁለቱ ሸምጋዮች ያልተስማሙበት ነገር ወደ ሦስተኛ ሰው ይመራ ነበርና፣ ነገር የሚመራለት ሰው ለማለት «ረፈሪ» ተባለ። ዳኛው ያጠፋውን ተጫዋች ስም በትንሽ ደብተሩ ስለሚጽፍ ደግሞ ተጫዋቹ «ቡክድ» ተደረገ ይባላል። ደብተርን ለሚያውቅ የቢሮ ሰው ይህን ቃል መያዝ አያስቸግረውም።

የቢጫና የቀይ ካርድ ታሪክ ግን ከሁሉ ይልቅ የቋንቋ መምህርን የሚመለከት ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1966 ዓ.ም. በለንደን፣ በዌምብሌይ ሜዳ፣ እንግሊዝና አርጀንቲና ለዓለም ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ ተጋጠሙ። ጀርመናዊው ዳኛ ሩዶልፍ ክራይትላይን የአርጀንቲናን አምበል አንቶኒዮ ራቲንን ከሜዳ እንዲወጣ አዘዙት። ዳኛው እስፓንኛ አያውቁም፤ ራቲንም አስተርጓሚ ይምጣልኝ እያለ አልወጣም ብሎ ጨዋታው ለብዙ ደቂቃ ቆመ። በዚያ ውድድር የዳኞች ኀላፊ የነበሩት እንግሊዛዊው ኬን አስተን ከዚህ በኋላ ነገሩን ሲያስቡበት፣ ከመንገድ የትራፊክ መብራት ሐሳብ አገኙ፤ ቢጫ ለማስጠንቀቂያ፣ ቀይ ለማስወጣት እንዲሆን አቀዱ። ካርዶቹም በ1970 ዓ.ም. በሜክሲኮ በተደረገው የዓለም ዋንጫ ሥራ ላይ ዋሉ። እንግዲህ ዛሬ በየሜዳው የምናየው ካርድ የተወለደው ሁለት ሰዎች ቋንቋ ለቋንቋ መግባባት ስላቃታቸው ነው። በሜዳ ላይ ካርድ የምላስን ሥራ ይሠራል፤ በሻይ ሰዓት ግን የሚመዘዝ ካርድ ስለሌለ መናገር የግድ ነው።

ስለ ፍጹም ቅጣት ምትም አንድ ነገር ልጨምር። በጨዋታው ውስጥ በጥፋት ምክንያት የሚሰጠው «ፔናልቲ» ሲሆን፣ አቻ ከተወጣ በኋላ አሸናፊውን ለመለየት የሚመታው «ፔናልቲ ሹት አውት» ይባላል። ይህ ሁለተኛው ሳይመጣ በፊት አሸናፊ ያልተለየ እንደ ሆነ በዕጣ ወይም ሳንቲም በመጣል የሚወሰንበት ጊዜ ነበር። በ1968 ዓ.ም. በአውሮፓ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ኢጣልያ ሶቪየት ኅብረትን ያለፈችው በሳንቲም ነው። በዓለም ዋንጫ ውድድር ሹት አውት ለመጀመሪያ ጊዜ የተመታው በ1982 ዓ.ም. በምዕራብ ጀርመንና በፈረንሳይ መካከል ነው። በ2022 ዓ.ም. በካታር አርጀንቲናና ፈረንሳይ 3 ለ3 ተለያይተው አርጀንቲና በሹት አውት 4 ለ2 አሸነፈች። ሁለቱን ውጤት ደምሮ 7 ለ5 ማለት ስሕተት ነው። በእንግሊዝኛ የመጀመሪያውን ውጤት ተናግሮ «ኦን ፔናልቲስ» የሚለውን በሁለተኛው ላይ መጨመር ነው። በዚያው ውድድር ከአፍሪካ ቡድኖች የመጀመሪያው ሆኖ ለግማሽ ፍጻሜ የደረሰው የሞሮኮ ቡድንም ስፔይንን ያሸነፈው «ኦን ፔናልቲስ» ነው።

አሁን ደግሞ ቃሉን ካወቁት በኋላ ስለሚያስፈልገው ነገር ጥቂት ልናገር፤ ይኸውም ጨዋነት ነው። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። የተሸነፈውን ቡድን ደጋፊ ገና ሲያገኙት «ዊ ቢት ዩ» ማለት ሰዋስዉ ትክክል ሲሆን አነጋገሩ ሻካራ ነው። እንግሊዛውያን ለእንዲህ ያለው ጊዜ «ሃርድ ለክ» ይላሉ፤ ዕድል አልቀናችሁም እንደ ማለት ነው። ስለ ዳኛው ክርክር በተነሣ ጊዜም «አይ ቶት» ብሎ መጀመር፣ ማለት እንዲህ መስሎኝ ነበር ማለት፣ ነገሩን ያለዝበዋል። አሸናፊው ይገባው ነበር ለማለት «ዴዘርቭድ ቱ ዊን» ይባላል። እነዚህን ሦስቱን የያዘ ሠራተኛ ከማንም እንግዳ ጋር ሳይቀያየም ስለ ኳስ ሊጨዋወት ይችላል። መምህራን የቃላቱን ስም ብቻ አስተምረው እነዚህን መተዋቸው ትልቅ ጉድለት ነው፤ ወሬ የሚቀጥለው በእነዚህ ነውና።

በክፍል ውስጥ ያለው ሥራ እንዴት ይሁን ላላችሁኝ፣ ለአንድ ማታ የሚበቃ አሠራር ላሳያችሁ። መምህሩ በመጀመሪያ የአንድ ምድብ አራት ቡድኖችን ውጤት በሰሌዳ ይጻፍ፤ ቁጥር ብቻ እንጂ ዐረፍተ ነገር አይጻፍ። ተማሪዎቹም እያንዳንዱን ቁጥር ወደ ዐረፍተ ነገር ይለውጡ፤ ማን ማንን «ቢት»፣ ማን ለማን «ሎስት ቱ»፣ ማንና ማን «ድሩ»። ቀጥሎ ሁለት ሁለት እየሆኑ አንዱ ጨዋታውን እንዳላየ ሆኖ ይጠይቅ፤ ሌላው አይቶ እንደ ተመለሰ ሆኖ ይመልስ። መምህሩ በንግግራቸው መካከል እየገባ አያርማቸው፤ ስሕተታቸውን በወረቀት ይዞ በመጨረሻ ለሁሉም በአንድነት ይንገር። ጎልማሳ ሰው በባልደረቦቹ ፊት በየቃሉ ከታረመ ዳግመኛ አፉን ለመክፈት ይፈራል። በመጨረሻም አምስት መስመር የሆነ አጭር ዘገባ ይጻፉ። መሥሪያ ቤት ውስጥ ቃለ ጉባኤ ለሚይዝ ሰው ይህ እንግዳ ሥራ አይሆንበትም።

ጊዜውንም መምህሩ ሊጠቀምበት ይችላል። ከጨዋታው በፊት ባለው ማታ ስለሚሆነው፣ በማግሥቱ ማታ ስለሆነው ሲነጋገሩ ትንቢቱና ኀላፊው ያለ ብዙ ሰዋስው በልማድ ይገባሉ። የዓለም ዋንጫ ደንብ ሲለወጥም ቃላቱ አብረው ይለወጣሉ። ከ1998 እስከ 2022 ዓ.ም. ድረስ 32 ቡድኖች በ8 ምድብ ይከፈሉ ነበር። ለ2026 ዓ.ም. ውድድር ግን 48 ቡድኖች በ12 ምድብ እንዲሆኑ ስለ ተወሰነ፣ ከምድቡ በኋላ «ራውንድ ኦቭ ሰርቲ ቱ» የሚባል ዙር ተጨምሮበታል። የድሮ ደብተሩን ብቻ ይዞ የሚያስተምር መምህር እንዲህ ያለው ያመልጠዋል።

ለኳስ ፍቅር የሌለው ተማሪ ቢኖርስ የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። እንዲህ ላለው ሰው ኳሱን በግድ መጫን አይገባም። በኦሊምፒክ ሩጫ ላይ ማጣሪያም፣ ግማሽ ፍጻሜም፣ ፍጻሜም አለ፤ ማሸነፍና መሸነፍም አለ፤ በዚያ መንገድ ብዙውን ቃል ማግኘት ይችላል። ደግሞም ከ1991 ዓ.ም. ጀምሮ የሴቶች የዓለም ዋንጫ ስላለ፣ ምሳሌው ሁሉ ከወንዶች ጨዋታ ብቻ መወሰድ የለበትም። በ2023 ዓ.ም. ስፔይን እንግሊዝን 1 ለባዶ አሸንፋ የሴቶችን የዓለም ዋንጫ ስትወስድ «ቢት» ያው «ቢት»፣ «ኒል»ም ያው «ኒል» ነው።

የመንግሥት ሠራተኛ ጊዜውን በቁም ነገር እንጂ በኳስ ወሬ አያጥፋ የሚሉም አይታጡም። የሥራን ሰዓት ለጨዋታ መስጠት እንደማይገባ እኔም እስማማለሁ። ነገር ግን ሰው ከሰው ጋር የሚተማመነው በሰነድ ብቻ አይደለም። ትናንት ስለ አንድ ጎል አብረው የሳቁ ሁለት ሰዎች፣ ነገ ስለ አንድ ውል አንቀጽ ሲከራከሩ አነጋገራቸው የለዘበ ይሆናል። ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ እንደሚባለው፣ የባዕድ ቋንቋም በሚወዱት ነገር ውስጥ ተደርጎ ሲቀርብ ይጣፍጣል።

እንግዲህ በማታ የምታስተምሩ መምህራንም፣ በራሳችሁ የምትማሩ ሠራተኞችም፣ ከነገ ጀምሮ ረጅሙን ዝርዝር ትታችሁ በአንድ ጨዋታ ጀምሩ። ስድስት ቃል ከነግሡና ከነመስተዋድዱ ያዙ፤ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ ተናገሩት፤ በማግሥቱ ለአንድ ሰው ንገሩት። ያን ጊዜ ሻይ በቀረበ ጊዜ ዝም ማለቱ ይቀራል፤ በ1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስታዲየም የሆነውንም እንግዳው በመጽሐፍ ከሚያነበው ይልቅ ከእናንተ ይሰማዋል።